የበሬው ጫማ

ሰኔ 3፣ ሰኞ ጠዋት

ገና በሩን ሳልከፍት ሦስት ሴቶች። አንዷ ስለ ባሏ፣ አንዷ ስለ አማቷ፣ አንዷ ስለ ሎተሪዋ። ጠጠር ጣልኩላቸው። ማስታወሻዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ጠጠሩ ምንም አይልም። እየለፈለፉ የሚነግሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እኔ መልሼ እነግራቸዋለሁ። የመርሳ ከተማ ሰው ግን "ዘይነባ አወቀች" ይላል። ይበል።

ቀጥሎ ጋሽ ይማም መጡ። ቅዳሜ ሌሊት ግራ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬያቸው ተሰርቋል። ዱካ የለም። አጥር ሥር ያገኙትን ፊቴ ዘረጉት። ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ጫማ፤ ዱካ እንዳይታይ ለበሬ ሰኮና የሚያጠልቁት። ስፌቱን አየሁ። በቃጫ፣ ሁለት ሁለቴ ተደርቦ። ጫማውን ቶሎ መለስኩላቸው። ጠጠሩ ዛሬ አልሰጠኝም ብዬ ሸኘኋቸው።

ሰኞ ማታ

ራቴን ትቼ እጽፋለሁ። የአደም ስፌት ነው። የድሮ ባሌ። ግራና ከተማ ስንኖር ከብት ነጋዴ ነኝ ይል ነበር። ጓዳ ተቀምጦ ይህንኑ ሲሰፋ አየሁትና ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ዱላ ሆነ። በማግስቱ ጠፋሁ፣ ስሜን ቀየርኩ። የትም ብትገቢ አላጣሽም ብሎኝ ነበር። ዛሬም እንደሱ የሚያስል ሰው በደጄ ካለፈ በሩን እቀረቅራለሁ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ሰይድን ጠረጠሩት! የሩቅያን ልጅ። ሩቅያ ማለት መርሳ የገባሁ ቀን፣ ማነሽ ከየት ነሽ ሳትል አልጋዋን የለቀቀችልኝ ናት። ልጁ ባጃጅ ይነዳል፤ ያን ሌሊት በዚያ በኩል ሲያልፍ ታይቷል። በቃ፣ ይኸው ነው ማስረጃቸው። ለዓርብ አውጫጭኝ ተጠርቷል፤ አገሩ ተሰብስቦ ሌባውን ሊለይ። ሌላ ስም ካልመጣ ሰይድ ወደ ፖ/ጣቢያ ነው።

ሩቅያ እግሬ ላይ ወደቀች። "ዘይነባዬ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ ጠጠርሽን ጣይልኝ።" ምን ልበላት?

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ከግራና የመጣች ደንበኛ። እንደ ዘበት ጠየቅኳት፤ ሰፈራችሁ አዲስ በሬ የገባበት ቤት አለ? አለ አለችኝ፣ አደም ጓሮ፣ ግራ ቀንዱ የተሰበረ ቀይ በሬ። የጋሽ ይማም በሬ! ደስ አለኝ። ወዲያው ፈራሁ። መስክሪ ብላት ጎረቤቴ ነው ብላ እግሬ አውጪኝ አለች።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ ሁሴን ዘንድ ሮጥኩ። ጠጠሩ ግራናን አሳየኝ አልኳቸው። ሳቁብኝ። "በጠጠር የሰው ቤት አይፈተሽም፣ ልጄ። የምታውቂው ካለ ወፍ ሁኚ።" ወፍ በስውር የሚመሰክር ሰው ነው፤ ስሙ ለሕዝቡ አይነገርም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ግን ቁርአን ይዞ፣ በራሱና ባባቱ ስም ይምላል። ከሦስቱ አንዱ የአደም አጎት ናቸው። ፊቴን አያውቁም። የድሮ ስሜን ግን ያውቃሉ። ዛሬ ከሰሙት ነገ አደም ደጄ ላይ ነው።

ሰኔ 7፣ ዓርብ ጠዋት

አልተኛሁም። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ነበር። የመኪናው ረዳት "ወልድያ! ወልድያ!" ሲል ሰማሁት። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። መኪናው ሄደ።

በዘይነባ ስም ልማል ብዬም አሰብኩ። ጠጠር ይዤ ስንቱን ቀጥፌያለሁ። ቁርአን ይዤ ግን አልችልም።

ሩቅያ ደጅ ቆማለች፤ ትጠራኛለች። እስካሁን ያልጠየቀችኝን መጀመሪያ ለሷ እነግራታለሁ፣ ከዚያ አብረን ወደ ሽማግሌዎቹ እንሄዳለን። ፈርቻለሁ። እውነተኛ ስሜን አፌ ከተወው ስለቆየ፣ እዚያ እንዳልንተባተብ እዚህ ልለማመደው። እኔ ከድጃ እንድሪስ፣