የአባባ የሬዲዮ ድንጋይና የእኔ አሥራ ዘጠኝ

ለውድ ወንድሜ ለዮሚፍ ጅረኛ፣ ጅማ

ከሰላምታው በፊት የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። በፈጣሪና በአንተ ፊት ራሴን ዝቅ አድርጌ እንዲህ እላለሁ፦ የአባባን የሬዲዮ ድንጋይ የምጨርሰው እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። አሁን ወደ ሰላምታው። ጤናህ እንዴት ነው? የጅማ ዝናብስ፣ የኮሌጁ ምግብስ፣ ያ የማይለቅህ ሳልስ? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ከንዴት የተነሣ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ሞላ ቴፕ ይዘው መጡና ማዳመጥ ትፈተናላችሁ አሉን። በካሴቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ስትናገር ሰው ያባረራት ትመስላለች። ክፍሉ በሙሉ ወረቀቱን ትቶ ቴፑ ላይ አፈጠጠ፣ ሴትዮዋ ልትወጣ ይመስል። እኔ ጻፍኩ። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ስምንት ነው።

እንኳን ደስ አለሽ እባላለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ መምህር ሞላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና “የመልሱን ወረቀት ማን ሰጠሽ?” አሉኝ። ራሴ ሰምቼ ነው ብላቸው “እኔ እንኳ ሦስቴ ደጋግሜ ሰምቼ ነው የገባኝ” አሉ። እና እኔ ምን ላድርጋቸው?

ይባስ ብሎ አጎታችን ዳበሳ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መሆኑ ትዝ አላቸው። የቢሮው ቁልፍ እሱ ዘንድ ስለሆነ ሰርቆ ሰጥቷታል ተባለ። አጎቴ ዳበሳ! ያን ወረቀት ቢያገኘው በርበሬ ይቋጥርበት ነበር። ቁልፉን ተቀበሉት፤ እስከ ሰኞ ነገሩ ካልተጣራ ከሥራው ይወጣል። ትናንት ደጃችን ላይ ተቀምጦ ቁልፉ ይንጠለጠልበት የነበረውን ባዶ ገመድ በጣቱ እየጠቀለለ “ጋዲሴ፣ እኔ ምን አደረግኩ?” አለኝ። እኔ በሁሉ የምስቀው፣ መሳቅ አቃተኝ።

ዮሚፍ፣ አዲሱ ክልል ሲቋቋም በየስብሰባው ሽማግሌዎቹ ማይክ ተቀማምተው “ከራሳችን ልጆች የተማረ ይውጣ” ሲሉ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበናል። ይኸው ወጣሁ! ስወጣ ደግሞ ከማን ሰረቅሽ! ጆሮ የተሰጠው ለአዲስ አበባ ልጅ ብቻ ነው እንዴ? አሶሳ የተወለደ ሰው ጆሮው ለጉትቻ ነው?

የሆነውን ላንተ ልንገርህ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ፣ አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ስብሰባ ሲሄድ (ሳይሰበሰቡ ከዋሉ ያማቸዋል) ሬዲዮውን አውርጄ የእንግሊዝኛ ዜና አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነበር የሚመስለኝ። ቀስ በቀስ ቃሉ ከቃሉ ተለየልኝ። አባባ ግን ሬዲዮውን ሲከፍት ድምፁ ይደክምበታል። ባለሱቁን ሙርሳልን “የሞተ ድንጋይ ሸጥክልኝ” ብሎ ሰው ፊት አዋረደው። ሙርሳል “ወላሂ አዲስ ነው” እያለ ሁለቴ ቀየረለት። አባባም ድንጋዮቹ ነፍስ እንዲዘሩ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ያሞቃቸዋል፣ እንደ በርበሬ እያገላበጠ።

ሰኞ ሬዲዮውን ይዤ ሄጄ መምህራኑ ሁሉ ባሉበት እከፍተዋለሁ፤ የሚለውንም ቃል በቃል እተረጉምላቸዋለሁ። ያኔ ቁልፉን ለአጎቴ ይመልሱለታል። ለዚህ ግን መጀመሪያ ለአባባ እውነቱን መናገር አለብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ድንጋዮቹም አልቀዋል። ዛሬ አባባ ስብሰባ ስለሄደ ቆርቆሮው ላይ አስጥቻቸው፣ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጬ እየጠበቅኋቸው ነው ይህን የምጽፍልህ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች፣ ካልሲህን እጠብ ብላሃለች። ትንሿ ቃናኒ የወለቀ ጥርሷን ላኩለት ብላ ስታለቅስ አደረች። አጎቴ ዳበሳ “የእኔን ነገር እንዳትጽፊለት፣ ልጁ ትምህርት ላይ ነው” እያለ ሰላምታውን ልኮልሃል። አባባም

እሱ ራሱ መጣ። ቆርቆሮውን ቀና ብሎ አይቶታል። “ጋዲሴ ጅረኛ!” እያለ ነው፤ የራሱን ስም የሚጨምርበት ሲቆጣ ብቻ ነው። አልሰማሁም ማለት አልችልም፣ ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ያገኘሁ ልጅ ነኝ። አቤት ብዬ ልሂድ።

እህትህ ጋዲሴ
አሶሳ፣ ጥር 18 ቀን 1988 ዓ.ም.