ደጃፍ ላይ የቀረው ድምፅሽ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
ከአባዬ ክፍል

ለድምቡሼ እህቴ፤

ጤናሽን ልጠይቅ ብዕር ካነሳሁ ቆየሁ፤ ብዕሩም እንደ እኔው አፍሮ ነው መሰል ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይቀራል። የጀመርኩትን ሁሉ ቀድጄ ጣልኩ። አንዱ ላይ ራሴን ስከላከል አገኘሁት፤ ሌላው ላይ ደግሞ ስለ ኔትወርክ ትምህርት ስሰጥ። ይሄኛው ምን እንደሚወጣው አላውቅም። ብቻ እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከዚያ ብትቀጂውም ያንቺ ነው።

አባዬ ደህና ነው። ደረጃ ላይ ጉልበቱ ያስቸግረዋል። ጆሮው እንደምታውቂው ነው፤ የማይፈልገውን አይሰማም፣ የሚፈልገውን ደግሞ በግድግዳ ውስጥ ይሰማል። የስፌት መኪናውን አሁንም ዘይት ያጠጣታል። ባለፈው ሥራ ቢያጣ የኔን ሱሪ አጠበበና፣ አልገባ ሲለኝ ጊዜ፣ «ሱሪው ምን አጠፋ? ወፍረህ ነው» አለኝ።

የምጽፍልሽ ስለዚያ እሁድ ነው፤ ስለደወልሽበት እሁድ። በአንቺ በኩል የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። በእኛ በኩል የሆነውን ግን እኔ ራሴ ያወቅሁት ገና በዚህ ሳምንት ነው።

በዋዜማው አዲስ ራውተር ገጥሜ ነበር። አሮጌው ምንም አልሆነም እኮ፤ እኔ ነኝ ያላረፍኩት። መሥሪያ ቤታችን ለትልልቅ ደንበኞች የሚተክለውን ዓይነት፣ ባለ ብዙ አንቴናውን አምጥቼ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ኮፈስ አድርጌ አስቀመጥኩት። የአባዬን የኢንተርኔት ስልክ፣ ያን ቁጥሮቹ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉትን፣ ከእሱ ጋር አገናኘሁና «ከእንግዲህ ልጅህ ጎረቤት ያለች ያህል ነው የምትሰማህ» ብዬ ጎረርኩ። ለሰው ስተክል ደውዬ፣ አስደውዬ፣ በሁለቱም ወገን ድምፅ መኖሩን ሳላረጋግጥ ንቅንቅ አልልም። ለቤቴ ግን አረንጓዴ መብራት ሲበራ አየሁና በቃኝ።

እሁድ አክስታችን የባሏን ዘመዶች ይዛ መጥታ ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል። ስልኩ ሲጮህ አባዬ ጉልበቱን ረስቶ ተነሳ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማሽ ብሎም ስፒከሩን ከፈተው።

«ሃሎ ልጄ!»

ዝም።

«ሃሎ! ድምቡሼ! አንቺ ነሽ?»

ዝም። የስልኩ መስኮት ላይ ሰከንዱ ይቆጥራል፤ መስመሩ ተከፍቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ መስመሩን መጠርጠር ነበረብኝ፤ እንጀራዬ መጠርጠር ነው። እኔ ግን አንቺን ጠረጠርኩ። ቃል ይዟታል፣ አልኩ በልቤ።

አባዬ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ» ይልሻል። እንግዶቹ ስኒያቸውን አስቀምጠው ይተያያሉ። እኔ በአንቺ አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት፤ በሰው ፊት በገዛ እህቴ አፈርኩ። አንደኛው እንግዳ «ምነው ልጅቷ አትናገርም?» ሲል እየሳቅሁ «ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፣ ትንተባተባለች፣ ቃል ይይዛታል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ» አልኩ። እነሱም ሳቁ። አባዬ ከስልኩ ቀና ብሎ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ምንም አልተሻላትም ማለት ነው?» አለ። ከዚያ እኔ ጎንበስ ብዬ «እሺ እሺ፣ ገብቶናል። ደህና ነሽ፣ እኛም ደህና ነን። አትድከሚ፣ በጽሑፍ ላኪው» አልኩሽና ዘጋሁት።

ይህን ሁሉ፣ ሳቁን ጭምር፣ ሰምተሽዋል። አሁን አውቃለሁ።

ከዚያ መደወል ተውሽ። አባዬ ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ። «ደህና ነሽ?» ብዬ ስጽፍልሽ «ደህና» ትያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። እኔም፣ ሞኙ፣ ተኮራረፍን ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አንድ ደንበኛ ቤት ጣሪያ ሥር መሰላል ላይ ቆሜ ገመድ ስጎትት በእጅ ስልኬ ተደወለ። የማላውቀው ሰው ነው፤ ድምፁ ጨዋ ነው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ አያውቁኝም። የእህትዎ እጮኛ ነኝ። ስለዚያ እሁድ ነው የደወልኩት። አባቷ እንቢ ያሉበትን ምክንያት ብቻ ቢነግሩኝ ብዬ ነው።»

«እንቢ ያለው ምኑን?»

«ምርቃቱን ነዋ። ልንጋባ መሆናችንን ነግራችሁ፣ መርቁኝ ብላ ለምናችሁ።»

«እሷ ምንም አልተናገረችም እኮ! ቃል ይዟት ዝም ነው ያለችው» አልኩት።

 «አልያዛትም» አለኝ። «አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ይህን ንግግር ከሐኪሟ ጋር ለወራት ስትለማመደው ከረመች፤ በመስታወት ፊት፣ በመንገድ ላይ፣ ከሌላ ክፍል ለኔ እየደወለች። ያን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ሳትቆም ተናገረችው። እኔ ዕንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ከዚያ እርስዎ ‹አትድከሚ› አሏት።»

ድምቡሼ፣ ያኔ ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? «የናንተ አገር ኔትወርክ ነው!» አልኩት። ጮኼ ነው ደግሞ። እሱ አልተቆጣም። «ይሁን። ለሠርጉ የሱፍ ልክዎን ልጠይቅዎትም ነበር፤ ይቅር» ብሎ ዘጋው። ከመሰላሉ ወርጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

አላመንኩትም ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ነው። ወዲያው አምኜዋለሁ። ግን ቤት ሄጄ ራውተሩን ለማየት ፈራሁ። ሲመሽ በአጠገቡ ሳልፍ እንኳ ዓይኔን ዞር አደርግ ነበር።

በዚህ ሳምንት ሰኞ ወደ አንድ ክሊኒክ ተላክሁ። ያንኑ ዓይነት ራውተር ተክለንላቸዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ገና ሳልቀመጥ ጀመረችኝ።

«ሰዎቹ ይሰሙኛል፣ እኔ አልሰማቸውም። አንዲት እናት ስትደውል ሃሎ ሃሎ ብዬ፣ ብዬ፣ በንዴት ‹አትናገሪም እንዴ?› አልኩና ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ለካ የልጇን ትኩሳት እየነገረችኝ ነበር። ልጇን ታቅፋ መጥታ ‹ምን በደልኩሽ?› አለችኝ። አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ?»

 ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ስልክም ኮምፒውተርም የየራሱ የጓዳ አድራሻ አለው፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም የሚታወቁት በአንድ የደጅ አድራሻ ነው። ራውተሩ እንደ በር ጠባቂ ቆሞ አንዱን በሌላው ይተካል። ሰው ሲደውል ስልኩ «ድምፅሽን እዚህ ላኪው» ብሎ አድራሻ ይሰጣል። የሰጠው የጓዳውን ከሆነ ድምፁ መንገድ ይስታል፤ የውጭ ሰው ጓዳችንን ከየት ያውቀዋል? ይህን እንዲያርም ተብሎ ራውተሩ ውስጥ አንድ ረዳት ተሠርቷል፤ መልእክቱ መሀል ገብቶ አድራሻውን ያስተካክላል። የክሊኒኩ ስልኮች ግን ትክክለኛውን የደጅ አድራሻ ራሳቸው ጠይቀው አውቀው፣ በደንብ ጽፈውት ነበር። ረዳቱ ነው ሳይጠየቅ ገብቶ የሰረዘው። በቦታው የተሳሳተ በር ጻፈበት። የእንግዳ ተቀባይዋ ድምፅ ይወጣል፤ የደዋዩ ድምፅ እስከ ደጃፍ ድረስ ይመጣና የሚያስገባው አጥቶ እዚያው ይቀራል።

እዚህ ጋ ስደርስ የእሁዱ ስልክ ትዝ ብሎኝ መተየብ አቆምኩ። እንግዳ ተቀባይዋ «ምነው፣ ተበላሸ?» አለችኝ። ረዳቱን አጠፋሁት፣ ለድምፁ የሚከፈተው በር ቶሎ እንዳይዘጋም ሰዓቱን አራዘምኩት። ከውጭ በሞባይሏ ስታስደውል «ሰማሁ! ሰማሁ!» ብላ ጮኸች። እኔ ሳልሰናበት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አልገባሁም። ምንም ሳልነካ በፊት በጆሮዬ ልሰማው ፈለግሁ። መንገድ ዳር ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ፊት ለፊት ቆሜ፣ በሞባይሌ ኢንተርኔት የአባዬን ስልክ ደወልኩ። አነሳው።

«ሃሎ?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሃሎ? ድምቡሼ? አንቺ ነሽ?»

«አባዬ!»

«አይዞሽ ልጄ። አልቸኩልም። እዚሁ ነኝ።»

እያንዳንዱ ቃሉ፣ ትንፋሹ ሳይቀር፣ ይሰማኛል። ወንበር ሲስብ ሰማሁ። ተቀመጠ። ብዙ ቆይቶ «እንግዶቹ የሉም፤ ብቻዬን ነኝ» አለ። እንጨት ሠሪው መጋዙን አቁሞ ምን ሆንክ በሚል ዓይን ያየኛል። ልዘጋው አልቻልኩም። አባዬም አልዘጋውም። በመጨረሻ ስልኩን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ።

ራውተሩን ሳስተካክል ብዙም አልቆየሁም። ያጠፋሁት ረዳቱን የሚያሠራውን አንዲት ምልክት ብቻ ነው፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ከጓሮ መልሼ ስደውል አባዬ «አንተ ነህ እንዴ?» አለ፣ ክው ብሎ። «ቅድም እሷ መስላኝ ነበር።»

ከዚያ ነገርኩት። ከጎኑ ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉንም።

«ሳትቆም?» አለኝ።

«አንዴም ሳትቆም።»

«ምን አለች?»

«ላገባ ነው፣ መርቀኝ አለች።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ግን አላደረገውም። «እኔስ ምን ብዬ መለስኩላት?»

ረስቶታል። ልዋሸው እችል ነበር፤ አፌ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ነገርኩት፣ የሱንም የኔንም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «የኔን እኔ እላታለሁ። ያንተን አንተ ጻፍ» አለኝ።

ወዲያው ደወልኩልሽ፤ አላነሳሽም። ልክ ነሽ። አጭር መልእክት ልልክ ብዬ «ይቅርታ፣ ኔትወርክ ነበር» የሚል ሆነብኝና ሰረዝኩት። ራውተሩ ድምፅሽን ነው ያስቀረው። ያንን ሁሉ ያናገረኝ ግን ራውተር አይደለም። ልጆች ሳለን ሱቅ አብረን እንሄድ የነበረው ትዝ ይልሻል? አንድ ጊዜ «ሻ… ሻ…» ስትይ እኔ ቸኩዬ «ሻይ ቅጠል ስጣት!» አልኩ። አንቺ ሻማ ነበር የተላክሽው። በዚያ ጨለማ ሻይ ጠጥተን አደርን፤ ቤቱ ሁሉ በሳቅ ሞተ። አንቺ ስቀሽ እንደሆነ ላስታውስ ብሞክር አልመጣልኝ አለ። ያኔ አላየሁሽም ማለት ነው።

ይቅር በዪኝ የምልሽ መልስ እንድትሰጪኝ አይደለም።

ሌላ ወሬ ልንገርሽ። አባዬ ሊጠይቅሽ ብሎ ቀደም ሲል ያስጀመረው የጉዞ ወረቀት አልቋል፤ «ብትጠራኝም ባትጠራኝም በር ላይ ቆሜ አያታለሁ» ብሏል። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ደረጃ ስላለ ክንዱን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። አክስታችን እሄዳለሁ ብላለች። እሷም ወገቧን ያማታል፣ ግን ይሆናል፣ ትችላለች። እንዲያው እንድታውቂው ብዬ ነው።

ለእጮኛሽ የጮኽኩበትን ይቅር እንዲለኝ ንገሪልኝ። አጠገብሽ ተቀምጦ እስክትጨርሺ የሰማሽ ሰው ነው። ፈጣሪ ትዳራችሁን የተባረከ ያድርገው፤ በቤታችሁ የሁለታችሁም ድምፅ እኩል ይሰማ። ከእንግዲህ ይህ ስልክ ሲጮህ የማነሳውም የምዘጋውም እኔ አይደለሁም። አባዬ ነው፣ እኔ ውጭ እወጣለሁ።

አሁን የአባዬ ተራ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየነገረኝ ነው፤ እንዳለው እጽፈዋለሁ፦

«ልጄ፣ መርቄሻለሁ። ያን ቀን ጆሮዬ ሳይሰማ አፌ ቀደመ፤ አፌን ይቅር በዪው። የመረጥሽው ሰው ደግ ይሁንልሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ልጅ ወልደሽ ለማየት ያብቃኝ። አሁን የምለምንሽ…»

እዚህ ላይ ቆመ። ቃሉን ፈለገው። «ይቅር በዪኝ» ሊል ነው ብዬ ብዕሬ ቀድሞት ሊጽፈው ነበር፤ ያዝኩት። ጠበቅሁት። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቅሁት።

«…ድገሚልኝ» አለ።

ወንድምሽ