ፊልተር የሌለው ማጉያ

አድ-ዳኢር፣ ሳዑዲ፣ ነሐሴ 2፣ ጠ. 3 ሰዓት

የአሠሪዬ የባባ ቁርስ ተነሥቷል፤ ሳህኑ ታጥቧል። ዓይናቸው ስለደከመ ዛሬም ወረቀቱን እኔ አነበብኩላቸው። ተራራው ላይ ላለው ሪፒተር ስለሚገዛ ማጉያ ነው። ሪፒተሩ ከሸለቆ የሚመጣውን ደካማ የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ ወደ ቤት ይደግመዋል። እረኛቸው ሙሄ ፍየሎቹን ይዞ ሲወርድ ሌላ የሚጣራበት የለውም፤ ስልክ እዚያ አይሠራም።

ሁለት ዓይነት ማጉያ አለ። አንዱ የመጣለትን ሁሉ አብዝቶ ያጎላል። ሌላው የሚያጎላው ጥቂት ነው፤ ግን ከፊቱ ፊልተር አለው፣ የኛን ሞገድ ብቻ ያሳልፋል። ባለ ፊልተሩ ይሁን አልኩ። ከሪፒተሩ ጎን የስርጭት ጣቢያ ቆሟል፤ ያለ ፊልተር የእሱን ጩኸት አጉልቶ መቀበያውን ያደነቁረዋል።

የባባ የወንድም ልጅ ፋሂድ ሳቀ። "ያ ዘይነብ፣ አንቺ ሩዝሽን አጥልይ።" ፊልተር ድምፅ ይበላል ይላል። ይበላል፤ ጥቂት። አንብቤዋለሁ። ደብተሬ፣ ከሽንኩርት ከረጢት ላይ ጀምሬ የዐረብ ፊደል የለቀምኩት ለሩዝ ነው?

ነሐሴ 6

ገዙ። ትልቁን፣ ፊልተር የሌለውን። ፋሂድ ራሱ ወጥቶ ገጠመው። ከጣራችን ላይ በእጅ ሬዲዮ ሞከረ። ጥርት። ኸላስ፣ አለቀ አለና እጁን አራገፈ። ከጣራማ ድሮም ይሰማል፤ ተራራው ፊት ለፊት ነው። ሸለቆ ወርደህ ሞክር አልኩት። ጫማውን አየ። ንዴቴን ድስቱ ላይ ተወጣሁ፤ ሁለቴ ፈተግኩት።

ነሐሴ 9፣ ቀ. 10 ሰዓት

ሙሄ ተመለሰ። የወሎ ልጅ ነው፤ ከእሱ በፊት እዚሁ እረኛ ከነበረው ከሟቹ ባሌ ከሰይድ ጋር የመንን አብረው ያቋረጡ። "እታለም፣ ይሄ ነገራችሁ ደነቆረ እኮ። ሰባቴ ጠራሁ። ፍየሎቹ እንኳ ዞር ብለው አይተውኛል።" በፊት እየተቆራረጠም ይገባ ነበር። አሁን ጭራሽ።

ለባባ ነገርኳቸው። ማጉያው ይውለቅ፤ ባለ ፊልተሩ እስኪመጣ ባዶው ሪፒተር ይሻላል አልኩ። እምቢ አሉ። ሰይድን ጎርፍ ሲወስደው ሬዲዮው በእጁ ነበር፤ ጠርቶ የተራራው መቀበያ ደክሞ አልሰማውም፤ ዳግም አላደክመውም አሉ።

ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ነሐሴ 10፣ ቀ. 6 ሰዓት

ሰማዩ ጠቁሯል። ሙሄ ከቀትር በኋላ ይወርዳል።

ለማንም ያላልኩትን ላንተ ልበል፣ ደብተሬ። ጎርፉ ሰይድን የወሰደው ቀን የባባ ሚስት፣ መዳም፣ ራሷን አሟት ተኝታለች። ከተራራው የሚቀበለው የቤቱ ሬዲዮ ይለፈልፋል፤ የሩቅ ሰዎች ወሬ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነስኩት። ሽንኩርት ስከትፍ የሬዲዮው አረንጓዴ መብራት፣ ድምፅ ሲገባ የምትበራዋ፣ በራች። ጠፋች። ደግማ በራች። ወሬ ነው ብዬ ከተፍኩ። ሲመሽ ድምፁን መለስኩት። ሲጠይቁኝ ሬዲዮው ዝም ብሎ ነበር አልኩ። እውነት ነው፤ ዝም ብሎ ነበር።

ባባ ከዚያ ወዲህ ነው ማጉያ የሚፈልጉት። ያልደከመን መቀበያ ሊያበረቱ። ፋሂድን ሳምንት ሙሉ ረገምኩት። ዕቃውን ያመጣው እሱ፤ ምክንያቱን ያመጣሁት እኔ።

ከዙህር ሰላት ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ። ያባሩኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእጃቸው ነው፤ ለፖሊስም ይስጡኝ። ብቻ ሙሄ ሳይወርድ ማጉያው ይውለቅ።

በሩ ተከፈተ። የባባ ከዘራ ነው። እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ ባባ፣ ተራራው ሰይድን ሰምቶት ነበር፤ ያን ቀን መብራቷ