በአሥራ አራት ዓመቴ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ላደረገኝ መሥሪያ ቤት

ድሬ ዳዋ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
(በፈረንጆቹ ኖቬምበር 25 ቀን 2025፤ ሁለቱንም የጻፍኩበትን ምክንያት ወረድ ብለው ያገኙታል።)

ለክቡር አቶ ሰይፈ ሚካኤል
የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በቢሮዎ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣም እንደ እርስዎ በሙሉ ጤንነት እንዲገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ ደንቡ በመዝገብ ቤት በኩል ባቀርብልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ያለፈው ማመልከቻዬ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት እስከ ጠረጴዛዎ ያለችውን አሥራ ሁለት ሜትር ለመጓዝ ሃያ ሦስት ቀን ስለፈጀበት፣ እኔ ደግሞ የቀረኝ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ በመግቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ሲገቡና ሲወጡ ዓይንዎን ጣል እንደሚያደርጉበት ተስፋ አለኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሰርካዲስ ወልደ ማርያም እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ በሦስተኛው ወር እርስዎ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ተቀጥሬ፣ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር በአንድ ወንበር ላይ ሠርቼ፣ ባለፈው ሰኔ በገዛ ፈቃዴ የለቀቅኩ ሠራተኛ ነኝ። የለቀቅኩትም ካናዳ ውስጥ፣ በስንዴ ገበሬዎች መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የሚገኝ የሒሳብ ቢሮ ሥራ ስለሰጠኝ ነው። የከተማዋ ሕዝብ ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ከሚወጣው ገበያተኛ አይበልጥም። ሦስት የሒሳብ ባለሙያዎች ነበሯት፤ ሁለቱ በጡረታ ወጥተው የቀሩት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የሚተካቸው ሰው ከማጣታቸው የተነሳ ከፖስታ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል ከነሐሴ ጀምሮ ለእኔ ይዘው ይጠብቁኛል። ትልቅ ከተማ አልተመኘሁም፤ በራሴ ፊርማ የምሠራበትና ገበሬው በስሜ ጠርቶ የሚያማክረኝ ቦታ ነው የተመኘሁት።

ለዚህ ሁሉ የተጠየቅኩት አንድ ወረቀት ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥራ ልምድ ማስረጃ። እርስዎም ፈርመው ሰጡኝ። ከ03/02/2009 እስከ 23/10/2017 በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ማገልገሌን ይገልጻል። ቀኑ ልክ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 3 ቀን ገብቼ ሰኔ 23 ቀን ወጥቻለሁ። የጎደሉት፣ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ መሆኑን የሚናገሩ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት (E.C.) ብቻ ናቸው። ስህተቱ የእኔም መሆኑን አልክድም፤ ስሜን አየሁ፣ ማኅተሙን አየሁ፣ ሳም አድርጌ ላክሁት፤ እኔም እንደ እርስዎ በ2017 የምኖር ሰው ስለነበርኩ ዓይኔን ምንም አልጎረበጠውም።

የካናዳ ሰዎች ግን በራሳቸው አቆጣጠር አነበቡት። ፓስፖርቴና ዲግሪዬ የተጻፉት በፈረንጆቹ ዘመን ስለሆነ፣ ሁሉንም ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት፣ እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እርስዎ ዘንድ ከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ሰባት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በ2016 ሙያውን ተምሬ ተመረቅኩ፤ በ2017 ሥራ ለቅቄም ይኸው እስከ ዛሬ ስምንት ዓመት እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። አሮጊቷ በታላቅ ትሕትና፣ በአገራችን ሕፃናትን ለሒሳብ ሥራ መቅጠር የተለመደ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገሩን ሳስረዳቸው ገባቸው፤ የአገራቸው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ግን በወረቀት እንጂ በእኔ ቃል አይሄድም። የተስተካከለ ማስረጃ እስከ ኅዳር 19 ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ከነሐሴ ወዲህ ስለተደረገልኝ ትብብር ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. የሠራተኛ ጉዳይ ባልደረባዎ ወይዘሮ የምሥራች፣ ሁለቱን ፊደል በእስክሪብቶ ጨምሪልኝና ልሂድ ብዬ ስለምናት፣ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ መጨመር እንኳ በማጭበርበር እንደሚያስከስስ አስረድታ ከወኅኒ ስላዳነችኝ አመሰግናለሁ። «አቦ ሰርኬ፣ 2009 ማለት 2009 ነው፤ እነሱ ማንበብ ካልቻሉ እኛ ምን እናድርግ?» ስትለኝ ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ አጠጥታኛለች።

2ኛ. ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ፋይል ወደ ኋላው መጋዘን እንደሚገባ፣ ፋይሉ ሳይወጣ አዲስ ደብዳቤ እንደማይጻፍ፣ የመጋዘኑም ቁልፍ አቶ ዕዝራ ኪስ ውስጥ እንደሚኖር፣ ሦስቱም ነገሮች በአንድ ቀን ተነግረውኝ እንዳልደነግጥ በሦስት ሳምንት ከፋፍላችሁ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። አቶ ዕዝራ ጠዋት ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ቁልፉ ከጫቱ ጋር አብሯቸው በርጫ ይቀመጣል። ከከዚራ እናንተ ዘንድ የሚያመላልሱኝ ባለ ባጃጆች የት እንደምሄድ መጠየቅ ትተዋል።

3ኛ. ፋይሉ በመስከረም መጨረሻ ሲገኝ፣ ጉዳዩ የዘመን አቆጣጠርን የሚመለከት በመሆኑ በአንድ ሰው ፊርማ የሚወሰን አይደለም ብለው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ አመሰግናለሁ። ሰው በገዛ አገሩ አቆጣጠር ማፈር እንደማይገባው በዚያው ዕለት የሰጡኝን የሃያ ደቂቃ ምክርም አልረሳሁም። ክቡር ሆይ፣ እኔ አላፈርኩበትም፤ ስሙ ተጠርቶ ይጻፍልኝ ነው ያልኩት። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ሊሰበሰብ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ አንድ አባል ጎድሎበታል።

4ኛ. አሮጊቷ ቀኑን እንድታረጋግጡላቸው በኢሜይል ለጻፉላችሁ ሦስት ደብዳቤዎች አንድም መልስ ባለመስጠት የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ስለጠበቃችሁ አመሰግናለሁ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በፊት መልቀቁን የሰማሁት ከጥበቃው ነው።

አምስተኛ ቁጥር ልሰጠው ያልቻልኩት ነገር ደግሞ አለ። እኔ፣ ክቡር ሆይ፣ የተሸኘሁ ሰው ነኝ። የሠፈሩ ሰው ሐምሌ ላይ ድግስ ደግሶ፣ አልቅሶ፣ መርቆ ሸኝቶኛል። ፍሪጄንና ቬንትሌተሬን ሸጬ ክረምቱን በድሬ ሙቀት ያለ ቬንትሌተር አሳልፌዋለሁ። ክፍሌን እናቴ አከራይታዋለች፤ እኔ ሳሎን፣ ከታሰረው ሻንጣዬ አጠገብ እተኛለሁ። መጋላ የልብስ ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ኢክራን፣ ለዚያ አገር በረዶ ብላ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የሱፍ ኮት ሰጥታኛለች፤ ኮቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። በሱቋ ፊት ላለማለፍ በሌላ ቅያስ እዞራለሁ። ባለፈው ግን ቀፊራ ላይ አገኘችኝና «አባዮ፣ እህቴ፣ ዛሬም እዚሁ ነሽ?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቴን አይታ ሳቋን ዋጠችው። ተሸኝቶ ያልሄደ ሰው ምን ተብሎ ሰላምታ እንደሚሰጠው ማንም አያውቅም።

እናቴ ወይዘሮ ዝናሽ እቤት ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ዛሬስ?» ትለኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ መጠየቅ ትታለች። ራት አቅርባልኝ ወደ ጓዳ ትመለሳለች፤ ይህ ከጥያቄው ይብሳል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልንገርዎ። ጨንቆኛል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እዚህ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ እዚያ ያለው ወንበር ደግሞ ዓርብ ከእጄ ሊወጣ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቴ አንድ ጊዜ መጣ፤ ሁለተኛ ይመጣል ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም። ገንዘብ አልጠየቅኩዎትም፣ ውለታም አልጠየቅኩዎትም። የሠራሁት በሠራሁበት ዓመት ይጻፍልኝ ነው የምለው።

በመዝገብዎ መሠረት ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ በታማኝነት ያገለገልኩ፣ ላለፉት ስምንት ዓመታት ደግሞ ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩ፣ ሆኖም ባልታወቀ ምክንያት እስካለፈው ሰኔ ድረስ በየማለዳው ከእርስዎ ጋር በአንድ በር ስገባ የነበርኩ፣
አክባሪዎ
ሰርካዲስ ወልደ ማርያም

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዝናሽ፣ መጠየቅ ለተዉት
ለኢክራን፣ ኮቱን በተመለከተ
ለክፍሌ ተከራይ፣ ለጊዜው ሳይሰጉ እንዲቀመጡ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ኅዳር 17፦ ይህን ልለጥፍ ስመጣ ወይዘሮ የምሥራች በር ላይ ተቀብላኝ የተስተካከለው ማስረጃ ዛሬ መፈረሙን አበሠረችኝ። አቅፌ ሳምኳት፤ የጻፍኩልዎንም ሁሉ ልቀደው ነበር። ከ13/10/2016 እስከ 30/06/2025 ይላል፤ ፍጹም ልክ ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ፣ አንዴ ስለተቃጠልኩ፣ ከላይ ጀምሬ ደግሜ አነበብኩት። ቀኝ ጥግ ላይ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን 17/03/2018 ይላል፤ አጠገቡ ምንም የለም። እንግዲህ የካናዳ ሰዎች እንደሚያነቡት፣ እርስዎ በማርች 2018 ሆነው እኔ በጁን 2025 ሥራ እንደምለቅ በፊርማዎና በማኅተምዎ አረጋግጠዋል። ይህን ያህል አርቀው የሚያዩ ከሆነ፣ ቬንትሌተሬን ከመሸጤ በፊት ምነው በነገሩኝ። ተመልሼ ስመጣ ወይዘሮ የምሥራች አዲስ ማመልከቻ አስገቢ ብላኛለች። አላስገባም። ነገና ከነገ ወዲያ ከቢሮዎ ደጃፍ እቀመጣለሁ። በዚህ ፀሐይ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የሱፍ ኮት ለብሳ ደረጃው ላይ የተቀመጠች ሴት ሲያዩ እኔ ነኝ፤ አያናግሩኝ፣ ቀኑን ብቻ ይጻፉልኝ።