መቀሱ በግራ በኩል

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለቁንጫዬ፣ ባሕር ማዶ ተቀምጣ ሥዕል ለምትቀባው የልጄ ልጅ፤

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ ታላቅ ማስታወቂያ! ጡረታ የወጣው ሰዓት ጠጋኝ አያትሽ፣ አሥራ ስድስት ክፍል ያለውን የኮሪያ የፍቅር ኮሜዲ በአራት ቀን ተኩል ከዳር አድርሶ፣ ያለማንም ድጋፍ ከአባትሽ የልብስ ስፌት ቤት የደንበኞች ሶፋ ላይ የተነሣ መሆኑን በታላቅ ደስታ ይገልጻል። ማጨብጨብ ይቻላል።

ጤናዬን ከጠየቅሽ፣ ጉልበቴ ያው ነው፤ ያኮርፋል፣ ይታረቃል። በደብዳቤሽ የጠየቅሽኝንም አልረሳሁም። «አሥር ቀን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ብመጣ አባዬ ፊቱን ያዞርብኝ ይሆን?» ብለሽኛል። እስከ ወሩ መጨረሻ ወስኚ ተብለሻል። እመልስልሻለሁ፤ ግን እኔም በአዲሱ ሙያዬ፣ በተመልካችነት፣ የምለው አለኝና ቅድሚያ ስጪኝ።

በኮሪያዎቹ ልጀምር። ልጁ ሁልጊዜ የድርጅት ባለቤት ልጅ ነው። ልጅቷ ሁልጊዜ ትወድቃለች፣ እሱም ሁልጊዜ ወገቧን ይቀልባል። እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ የእሷን ያህል አልወደቅኩም። ለመሳሳም ስምንት ክፍል ይፈጅባቸዋል፤ ሲደርሱም ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ እንደ ቆመ ሰዓት ትደርቃለች። ሴት አያትሽን ከዚያ ባነሰ ጊዜ አግብቻለሁ።

ደሜን የሚያፈላው አሥራ ሁለተኛው ክፍል ነው። እዚያ ሲደርሱ የግድ ይኮራረፋሉ። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ፤ አርባኛው ደቂቃ ላይ ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ የሚያልቅ ነገር፣ እሱ በመስኮት እያየ፣ እሷ አውቶቡስ ውስጥ እያለቀሰች፣ ሁለት ሙሉ ክፍል! «ደውልላት እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!» ብዬ ስጮህ አባትሽ ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

«አባዬ፣ ማን ላይ ነው የምትጮኸው?»

«ሁለታችሁም ላይ» አልኩት። መልሶ አጎነበሰ።

አዎ፣ አውቃለሁ። «ሥዕል የልጅ ጨዋታ ነው፣ እንጀራ አይሆንም» ያለው እሱ ነው። ሳትሰናበቺው የሄድሽው አንቺ ነሽ። እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቆማችኋል፤ ተመልካቹ እያረጀ ነው።

አኒሜውንም፣ የጃፓኖቹን የካርቱን ፊልም፣ አልተውኩም። እነዚያ ተደባዳቢዎች ከመማታታቸው በፊት የጡጫውን ስም ጮኸው ያስታውቃሉ፤ ጠላትም ጨዋ ነው፣ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ጡጫው አየር ላይ ተንጠልጥሎ የልጅነት ታሪካቸው ይተረካል። እኔ በወጣትነቴ እንዲያ ብደባደብ ኖሮ ጥርሴ በሙሉ እዚያው ይቀር ነበር። የእናንተ ስቱዲዮ የሠራውን አዲሱን ግን፣ ያቺ የተቀደደ ደመና የምትሰፋዋን ልጅ፣ ቀልዱን ትቼ ልንገርሽ፣ ወድጃታለሁ።

አራተኛው ክፍል ላይ ክር ፍለጋ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ገባች። ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ቤትና መንገድ የምትቀቢው አንቺ እንደሆንሽ ነግረሽኝ ነበርና ዓይኔን ተከልኩ። ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት። በብስኩት ጣሳ የታጨቀ ክር። በሩ ላይ የተሰቀለ፣ እጅጌው ያልተገጠመ ኮት። ይኼማ የእኛ ቤት ነው! ታብሌቱን አንሥቼ አባትሽ በሚሰፋው ሱሪ ላይ ዘፍ አደረግኩት።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ፣ አባዬ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት።

አየ። በጣቱ ነክቶ አቆመው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ። ከዚያ ያን ደንበኛ የሚያርምበትን ድምፁን አውጥቶ፣ «ተሳስታለች። መቀሱን በግራ አድርጋዋለች። እኔ መቼ ግራኝ ሆንኩ?» አለ።

ሊሰፋ ጀምሮ ተወው። ተነሣ፣ ጠረጴዛውን ዞረና ከትምህርት ቤት ስትመለሺ የምትቀመጪባት ትንሿ በርጩማ ላይ፣ ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት ቁጭ አለ። ያን የሚያህል ሰው በዚያች በርጩማ! ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ወደ ራሱ ወንበር ተመለከተ። ከዚያ በኩል ሲታይ መቀሱ በግራ ነው።

«እዚህ ሆና ነው ያየችኝ» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ትምጣ» አለ።

ይኸው መልስሽ። ሻንጣሽን አዘጋጂ። እኔ በሩን እከፍታለሁ፤ ካኮረፈም መሀል ገብቼ የጡጫዬን ስም በጩኸት አስታውቃለሁ።

መንገድሽን የቀና ያድርገው። እጅሽ ከብሩሽ፣ ዓይንሽ ከብርሃን አይለይ። አለቃሽንም አሥሩን ቀን አሥራ አምስት የሚያደርግ ልብ ይስጠው።

አያትሽ፣
የደንበኞች ሶፋ ጠቅላይ ገዥ

ፖስታውን ላሽገው ስል ኅሊናዬ ጎሸመኝ። አንዷን ነገር ፈጥሬያታለሁ። አባትሽ «ትምጣ» አላለም፤ ታውቂው የለ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። ከበርጩማዋ ተነሥቶ ያደረገው ሌላ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ ወፍራም የካፖርት ጨርቅ አወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ጠመኔ ያዘ፣ ጀርባውን ሰጠኝና፣ «አባዬ፣ ትከሻዋ አሁን ስንት ሴንቲ ይሆን?» አለኝ።

«ስትመጣ ለካት» አልኩት።

«መቼ?» አለኝ።