ጠርሙሱን እንዳትነካ

ወንድምዓለም፣

እንዳትጠጣ! ከዳቦ ቤት ስትመለስ ጫማህን ሳታወልቅ ፍሪጁን እንደምትከፍት ስለማውቅ ነው ወረቀቱን ጠርሙሱ አንገት ላይ በላስቲክ ያሰርኩት።

እማዬን ክሊኒክ ይዣት ሄጃለሁ። ከነጋ ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል፤ አሁንማ እግሯም አልሸከም አላት። ባለታክሲው ጎረቤታችን ደጅ ላይ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ቸኩዬ ስለጻፍኩት ጽሑፌን እንደምንም አንብበው።

መንገድ የሚቆፍሩት ሰዎች የውሃውን ቧንቧ ከፍሳሹ ጋር አንድ ላይ ሰብረውታል አሉ። የክሊኒኩ ነርስ በስልክ «የጠጣችውን ውሃ እንዳትደፉት፣ ይመረመራል» ባትለኝ ይሄኔ ጠርሙሱን ባዶ አድርጌው ነበር።

ከጠማህ ምድጃው ላይ የተከደነው ድስት ውስጥ የፈላ ውሃ አለልህ። በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ጠብቀው። ቶሎ ይብረድልኝ ብለህ ከቧንቧ አትጨምርበት።

ትላንት እንደጨመርክበት።

እማዬ «ውሃ» ስትል ሮጠህ የቀዳህላት... ተወው፣ አሁን አላነሳውም። እኔም ያፈላሁት ውሃ እንዲያ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ምነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

አንተም ጠጥተህ ከሆነ ቁጣዬን ፈርተህ እንዳትደብቀኝ። ሆድህን ቁርጥ ካደረገህ በር መቆለፉም ይቅርብህ፣ ሮጠህ ና። ፋርማሲው ጎን ያለው ክሊኒክ ነን።

ጠርሙሱ ላይ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ስመለስ ከፊትህ በፊት የማየው መስመሩን ነው።

አደራህን፣ ውሃው እዚያው ይጠብቀኝ።

እህትህ