የማሽኑ ጣት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ቦሌ ኢምፔሪያል ያለው ሕንፃችን የፓርኪንግ ቲኬት የሚቆርጥ ማሽን ካስተከለ ወዲህ፣ እኔ የቀድሞው ቲኬት ቆራጭ የማሽኑ ጣት ሆኛለሁ። መኪና ሲመጣ ቁልፉን እጫናለሁ፤ የወጣውን ወረቀት ለሹፌሩ በክብር አቀብላለሁ። የቦሌ ሹፌር እጁን ከመስኮት ማውጣት አይወድም።

ዛሬ ከወረዳ አንዲት ልጅ ታብሌት ይዛ መጣች። መንግሥት ማሽን ሥራቸውን የነጠቃቸውን ሰዎች እየመዘገበ ነው አለችኝ። መንግሥት ለደህና ነገር ፈልጎኝ አያውቅምና ጠረጠርኩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሥራዎን ወስዶብዎታል?»

«ኧረ በፍጹም! እኔ ካልተጫንኩት መች ይሠራና!»

«ሹፌሩ ራሱ ቢጫነውስ?»

ለካ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘውዱ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«እውነትም፣ ራሱ ቢጫነውስ?» አሉ። ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ ሲያስቡ ያየኋቸው ዛሬ ገና ነው።

ልጅቷ ታብሌቷን ከደነች። «በሉ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ስላሉ ልመዘግብዎ አልችልም» ብላኝ ሄደች። ጥበቃን እንኳ ሰላም የማይሉት አቶ ዘውዱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኟት። ሲመለሱ ዓይኔን ሽሽት ማሽኑን ያዩ ጀመር።

«ሐሙስ ብቅ ብለሽ መዝግቢው» ሲሏት ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።